ቅቤ የተቀባው ካርቡራቶር

ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቃረብ ሰው ሁሉ የሚደብቀውን ደበቀ። እህሉን የቀበረ ነበር፤ የሱቁን ዕቃ ገጠር ዘመድ ቤት ያሸሸም ነበር። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው ሽማግሌ መኪና ነበራቸው። መኪና ደግሞ አይቀበርም። ማንም አስነስቶ እንዳይወስድባቸው ከሞተሯ ላይ ሁለቱን ካርቡራቶሮች ፈቱና አንዱን በላስቲክ ጠቅልለው ጓሮ ማንጎው ሥር ቀበሩት። ሌላውን ባለቤታቸው በሻሽ ቋጥረው ግራና ወደምትባለው የገጠር ከተማ፣ እህታቸው ዘንድ ይዘውት ሄዱ።

ሽማግሌውን አባባ፣ ባለቤታቸውን እማማ እያልኩ ነው ያደግኩት። መኪናዋ ከኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። ትንሽ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ የድሮ የጣልያን ሥሪት ናት። ካርቡራቶር ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ ነው፤ አብዛኛው የድሮ መኪና በአንድ ይበቃዋል። የሳቸው ሁለት ነበራት። አባባ በጎልማሳነታቸው ከደሴ ሲገዟት እንዲሁ ሆና ነው የመጣችው፤ መካኒክ ሁሉ አንዱን አውጥተው ይጣሉት ቢላቸውም እምቢ ብለው ኖሩ።

አባባ ቤቱን ባዶ አልተውም ብለው መርሳ ቀሩ። አንድ ቀን የከባድ መሣሪያ አረር ከግቢው ጀርባ ወደቀ። ገላቸውን አልነካቸውም፤ ጆሯቸውን ግን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚሰሙት የሚጮኽላቸውን ብቻ ነው። እማማ ደግሞ ወደ ግራና ሲሄዱ ወንዝ ሲሻገሩ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተጎዳ። ወጌሻው አሽቶ ካሰረላቸው በኋላ፣ "ባጃጅ ላይ እንዳይወጡ፤ አይሱዙ ላይም እንዳይጫኑ። መንገዱ እንደ ወተት ነው የሚንጥዎት" አላቸው።

ታኅሣሥ ላይ ጦርነቱ ከከተማው ሲወጣ ሰው ከየሄደበት ተመለሰ። እማማ ግን አልተመለሱም። ወራቱ ነጎደ፤ ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ ሻዕባን ገባ። እማማ በመንገደኛ ላኩ፦ "ረመዳንን በሰው ቤት አልጾምም። የእህቴ ቤት ቢሆንም የሰው ቤት ነው።" አባባም በመንገደኛ መለሱ፦ "በመኪናዬ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ረመዳን ሳይገባ ኢንሻአላህ።" ይህን ሲልኩ መኪናዋ ሞተሯ አፉን ከፍቶ፣ ዶሮ ከሥሯ እንቁላል ጥላ፣ ባትሪዋ ሞቶ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ሥራ አልነበረኝም። የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ተዘርፎ ባዶ ክፍል ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ግጥም እጽፋለሁ፤ እሰርዛለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ከሰማሁት ከለቅሶውም ከሰርጉም እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አይሆንልኝም። አባባ በቆርቆሮው አጥር ላይ ብቅ ብለው "አንቺ ገጣሚ! ሥራ አለሽ?" ሲሉኝ ቤት አምጪ ቤት ምቺ ስል የዋልኩበትን ወረቀት ጥዬ ተነሳሁ።

"ምን ልታዘዝ አባባ?"

"ምን?"

"ምን ላድርግ?" ብዬ ጮኽኩ።

"ግራና ሂጂና ያንን ዕቃ አምጪልኝ።"

በገበያ ቀን ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። እማማ እህታቸው ደጃፍ ጥላ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዕቃውን ከማሽላው ጎተራ አስወጡና እንደ ጨቅላ በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

"እንቁላል ነው የያዝኩት ብለሽ ያዢው። አንድ ቀን ሳላየው አላደርኩም፤ ዝገትም አላስነካሁትም።"

"ደህና አድርጌ እይዘዋለሁ እማማ።"

"ሻዕባን እያለቀ ነው በይው። ጮኸሽ ንገሪው፤ አልሰማሁም ይላል።"

መርሳ ተመልሼ አባባ በር ላይ ሻሹን ስንፈታው ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ብረት አልታየንም። ያየነው ቢጫ ነገር ነው። አባባ በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱ።

"ወላሂ፣ ቅቤ ነው።"

ላዩ ብቻ አይደለም፤ አፉ፣ ቀዳዳው፣ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ጎድጓዳው ሁሉ ተሞልቶ ተጠቅጥቋል። እማማ ከጸጉራቸው ሲተርፍ በየጊዜው እየጨመሩበት ኖረዋል። ግማሹ ረግቷል፤ ግማሹ ሰንብቶ ይሸታል። መንገድ ዳር ባጃጁን የሚያጥበው የጎረቤት ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ አየና፣

"አባባ፣ ይሄ ካርቡራቶር ነው ወይስ ጭኮ?" አለ።

አባባ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው የሰሙት። "ጭኮ ያብላህ! ና ውሃ አፍላ!"

እኔ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነበርኩ። እጄ እስከ አንጓዬ ቅቤ ሲሆን እናቴ በአጥሩ ላይ አይታ፣ "አንቺ! እጅሽን እንዳትልሺ!" ብላ ጮኸች። አባባም ይህችን አልሰሟትም፤ ግን ሁላችን ስንስቅ እሳቸውም ሳቁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚስቁት፤ የሰው ፊት አይተው።

ሳቁ ቶሎ አለቀ። ካርቡራቶር ውስጥ ጂግለር የሚሏቸው ጥቃቅን የነሐስ ብሎኖች አሉ፤ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳቸው ከመርፌ ዓይን ትጠባለች። ቅቤው እዚያ ውስጥ ደርቋል። ሽቦ ላስገባ ስል አባባ እጄን ያዙኝ። "ሽቦ አይነካውም! ቀዳዳው ከሰፋ ያለ ልክ ቤንዚን ይጠጣል።" የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርነው፤ ቅቤው ቀልጦ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ውሃውን ደፍተን እንደገና አፈላን። በመጨረሻ አባባ ዝንብ ከሚያባርሩበት ጭራ አንድ ፀጉር ነቅለው ሰጡኝ። ፀጉሯን በምራቄ አቅንቼ በቀዳዳዋ አሾለክኋት። በሌላው በኩል ስትወጣ ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁባት፤ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ብርሃን መጣች።

ከማንጎው ሥር ያወጣነው የአባባ ካርቡራቶር ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። በዘይት ጨርቅ፣ በላስቲክ፣ በገመድ ተጠቅልሎ ነበር። ሲፈታ ዝጓል። የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክብ ቆርቆሮ ዘንጉ ላይ ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። አባባ የእማማውን አነሱ፤ አገላበጡት። አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም። ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

"የኔው ነው የዛገው" አሉ፤ ለኔ አይመስለኝም። ከዚያ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፉት።

ዘንጉ እስኪላቀቅ እኔ ባትሪውን ይዤ ወልድያ ሄድኩ። መርሳ መብራት ገና አልመጣም ነበር፤ ወልድያ ጀኔሬተር ያለው ጋራዥ አለ ተብሏል። ሚኒባሱ ውስጥ ባትሪ ታቅፌ ስገባ አንዷ እናት፣ "ልጄ፣ ሰው ልጁን ታቅፎ ይሄዳል፤ አንቺ መብራት ኃይልን ታቅፈሽ ትሄጃለሽ?" አሉኝ። ወልድያ ግማሹ ሱቅ በሩ ተገንጥሏል፤ ግማሹ ደግሞ አዲስ ቀለም እየተቀባ ነው። አንድ ግድግዳ ላይ የጥይት ቀዳዳዎቹን በጀሶ ደፍነው ሳይቀቡት ትተውታል፤ ዘይቤ ልፈልግለት ብዬ ቆምኩና ፈንጣጣ ከማለት ሌላ አልመጣልኝም። ፈንጣጣን ደግሞ ሁሉም ብሎታል። የጋራዡ ሰው ባትሪውን እየሞላ መኪናዋን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። "ሁለቱንም ጥላችሁ አንድ የቻይና ግጠሙባት፤ ሁለቱን የሚያስማማ ጆሮ ከየት ይመጣል?" አለኝ። ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም።

ካርቡራቶሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አየር እንዳያሾልክ በመሃል የሚገባ ወፍራም ወረቀት ያስፈልገዋል፤ መካኒኮች ጓርኒሲዮን ይሉታል። በከተማው አልተገኘም። አባባ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ያለፈውን ዓመት ካላንደር አውርደው፣ "ካለፈው ዓመት ምን አለኝ? ቁረጪው" አሉኝ። የሁለት ወር ገጽ ከቅርጹ ጋር አመሳስዬ ቆረጥኩ፤ ዘይት አጠጣነው፤ ገባ። ብሎኖቹን በአንድ በኩል ብቻ አጥብቆ መጨረስ አይቻልም፤ ብረቱ ይጣመማል። ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ እያልኩ ተራ በተራ አጠበቅኋቸው።

በውሃ ፕላስቲክ የተገኘው ቤንዚን ተጨመረ። መኪናዋ ሳለች፣ አስነጠሰች፣ ጎረምሳው ከኋላ ገፋ፤ ተነሳች። ተነሳች ስል አላጋነንኩም፤ ግን እንደ አንካሳ ነበር። ትንቀጠቀጣለች፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ለግራና ጠጠር መንገድ አይደለም ለግቢው በር አትበቃም። ሲሞቃት ደግሞ ውስጧ የቀረው ቅቤ ቀልጦ ሠፈሩን በጠረኑ አወደችው። የሚያልፍ ሰው ሁሉ "ምን ተነጠረ?" ይላል።

ሁለት ካርቡራቶር ያለው ሞተር እንዲረጋ ሁለቱ እኩል አየር መሳብ አለባቸው። አባባ ይህን ዕድሜ ልካቸውን ያስተካከሉት በአንዲት አጭር የጎማ ቱቦ ነው። ጫፏን ጆሯቸው ውስጥ ይከታሉ፤ ሌላውን ጫፍ ካርቡራቶሩ አፍ ላይ ይይዛሉ፤ የአየሩን ድምፅ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው እያመላለሱ ያነጻጽራሉ። የዚያን ቀንም ሁለቱን የሚያገናኘውን ዘንግ ነቀሉና ቱቧን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። የፊተኛውን አዳመጡ። የኋለኛውን አዳመጡ። ቱቧን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩ።

"ምንም" አሉ።

ጎረምሳው ሊያጫውታቸው አስቦ ጮኸ፤ "አባባ፣ እንደ ሰዉ ሁለት ሚስት ማስተዳደር ያቃተው ሁለት ካርቡራቶር ይችላል?"

"እኔ አንዷንም ማምጣት አቅቶኛል" አሉ አባባ። ቱቧን ለኔ ሰጡኝ። "ስሚና ንገሪኝ።"

የፊተኛውን ሰማሁ። ቃል ፈለግኩ፤ ሥራዬ ነው ብዬ የማምነው እሱን አይደል?

"እንደ ሩቅ ወንዝ ይላል!" ብዬ ጮኽኩ።

"ምን?"

"ወንዝ!"

"የትኛው ወንዝ?"

"የኛው! የመርሳው!"

"የስንት ወር?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ ደግነው ይጠብቁኛል። "በሐምሌም ወንዝ ነው፣ በጥርም ወንዝ ነው። የስንት ወሩን ነው የምትዪኝ?"

እንደገና ሰማሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንዙን በልጅነቴ ውሃ ስቀዳ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ሞልቶ ሲያግደኝ አውቀዋለሁ፤ በድምፁ ግን ወር ለይቼ አላውቅም ነበር፤ ወይም የማውቅ አልመሰለኝም ነበር።

"የፊተኛው ነሐሴ ነው!"

"የኋለኛውስ?"

"የካቲት!"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የኋለኛውን ብሎን ሩብ ያህል አዞሩ። "አሁንስ?"

"ሚያዝያ!"

"የዘንድሮ ሚያዝያ ነው የደጉ? በልጉ የዘነበበት ነው ወይስ የቀረበት?"

"የዘነበበት!"

"የፊተኛውን ልመልሰው። ሁለቱንም መስከረም ላይ አግቢልኝ። ጎርፉ ቀርቶ፣ ውሃው ጠርቶ፣ ድምፁ ግን ገና ያልሞተበት።"

እንዲህ እየተባባልን ቀጠልን። ነሐሴው ወደ ጥቅምት ወረደብን፤ መልሰን አወጣነው። ሚያዝያው ሐምሌ ሆነና ሞተሯ ጮኸች። ጎረምሳው መጥረጊያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲያዳምጠን ቆየና፣ "እናንተ ሰዎች መኪና ነው የምትሠሩት ባሕረ ሐሳብ ነው የምታወጡት?" አለ። በመጨረሻ ቱቧን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ባመላልሳት ልዩነት አጣሁ።

"መስከረም! ሁለቱም መስከረም!"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እንቁጣጣሽ ማግስት!"

የቀረው የቤንዚኑና የአየሩ ድብልቅ ነበር። እሱን አባባ እኔን አልጠየቁኝም። መዳፋቸውን ሞተሩ ጎን ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ወደ ማንጎው አድርገው፣ ትንሿን ብሎን አጠበቁ። ሞተሯ ልትታነቅ ስትል በእጃቸው አወቁት፤ መለስ አደረጉ፤ ረጋች። ሌላውንም እንዲሁ። ዘንጉን መልሰን ስናገናኝ መኪናዋ መንቀጥቀጧን ተወች። ዶሮዋ እንኳ ተመልሳ ከሥሯ ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግጥም ስጽፍ "ወንዝ" ካልኩ ወሩ ስንት ነው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ወሩን ካላወቅኩት ወንዙን እሰርዘዋለሁ። ብዙ ወንዝ ሰርዣለሁ።

በማግስቱ ወደ ግራና ሄድን። ኔትወርክ ስላልነበረ መምጣታችንን እማማ አያውቁም። መንገድ ላይ ገመድ የወጠሩ ሚሊሻዎች አስቆሙን። አንዱ መኪናዋን ዞሮ አያትና፣ "ይህች ደግሞ ከየት ተነሳች?" አለ።

"ሚስቴን ላመጣ ነው!" አሉ አባባ፤ ያልተጠየቁትን። መስማት የተሳነው ሰው ጮክ ብሎ ስለሚናገር መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ገመዱ ወረደ።

ግራና ስንደርስ ሌላ ችግር መጣ። አባባ ሞተሩን አላጠፋም አሉ፤ ካጠፋሁት ባትነሳስ ብለው። የእማማ እህት ምሳ አቅርበው "ግቡ እንጂ!" ይላሉ፤ አባባ "ሞተሩ አይጠፋም!" ይላሉ።

"ሞተሩ ይብላ እንዴ ታዲያ? እርስዎ ይግቡ እንጂ!"

"ከበላሁ ቆሜ ነው!"

እህትየው እያጉረመረሙ ትሪውን አውጥተው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት። አባባ ቆመው፣ በግራ እጃቸው የመኪናዋን በር ይዘው ጎረሱ። ልጆች ከበቡን።

እማማ በከዘራ ተደግፈው ወጡ። ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩ። ከስተሃል የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ ያሉት ግን ሌላ ነው።

"ዕቃው ደህና ደረሰልህ?"

አባባ አፋቸውን አይተው ገባቸው። ወደኔም ዞር አሉ፤ መንገዱን ሁሉ "ቅቤ! እነግራታለሁ ቅቤ ምን እንደሚያደርግ!" ሲሉ ነበር የመጡት።

"የኔው ዝጎ ነበር" አሉ። "ያንቺው ንጹሕ ነበር።"

"አላልኩሽም?" አሉኝ እማማ።

ከኋላ ወንበር ላይ ፍራሽ አጥፈን አነጠፍን። እማማ ጎናቸውን ይዘው ገቡ፤ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ወደ ኋላ ዞሬ ትከሻቸውን ደገፍኩ። አባባ ጠጠሩ ላይ እንዲያ ቀስ ብለው ሲነዱ አይቻቸው አላውቅም። ድንጋይ ሲያዩ ይቆማሉ፤ ይዞራሉ፤ ጉድጓድ ሲያዩ ጎማውን በጠርዙ ያሳልፋሉ። ሞተሯ ያንን ሁሉ ዝግታ ሳትታነቅ ቻለችው። ከገበያ የሚመለሱ አህዮች ቀደሙን። የአህዮቹ ባለቤት በመስኮት "ልግፋላችሁ?" አለ።

"አንተ ሰው" አሉ እማማ፣ "በዚህ አካሄድህ ረመዳን መንገድ ላይ ይገባብናል!"

አባባ አልሰሙም። ልጮኽላቸው አፌን ስከፍት እማማ እጄን ያዙኝ። "ተይው። እየተጠነቀቀልኝ ነው።" ድንጋይ ባገኘን ቁጥር ጣታቸው እጄ ላይ ይጠብቃል፤ ድምፅ ግን አላወጡም።

ጠጠሩ አልቆ አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አባባ ዳር ይዘው ቆሙ። በዋናው መንገድ ፍራሽና የቤት ዕቃ የጫነ አይሱዙ ወደ ወልድያ አለፈ፤ ከላዩ የተቀመጡ ልጆች እጃቸውን አውለበለቡልን። አባባ ወደ ኋላ ዞሩ።

"ደረስን እንዴ?" አሉ እማማ፣ ባላቸው አፋቸውን እንዲያዩ ቀና ብለው።

"የለም። ዳሌሽን ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው።"

"ዳሌዬ ቤቱ ነው የሚያርፈው። ንዳ!"

አባባ ይህን ሳልጮኽላቸው ሰሙት። ማርሽ አስገቡ፤ አስፋልቱ ላይ ወጣን።